ቃሬዛውን የተሸከሙት አራቱ
ለልብ ሕሙም ወጣት ገንዘብ ስለ ማሰባሰብ የቀረበ ትምህርት

ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ ምዕራፍ 2 የሚተርክልንን ታሪክ በስማዳ ቆላ ወይም በታች ጋይንት ገደል ሥር ለሚኖር ሰው ማብራራት አያስፈልግም። አራት ሰዎች አንድ ሽባ በአልጋ ተሸክመው መጡ፤ ሕዝቡ በሩን ሞልቶ ስለ ከለከላቸውም ጣራውን ከፍተው በጌታችን ፊት አወረዱት። በእኛ አገር ያ አልጋ ቃሬዛ ይባላል። መኪና ከማይገባበት ቀበሌ ሕሙሙን አውጥቶ እስከ መንገድ ለማድረስ ጎረቤት እየተጠራራ፣ ትከሻ እየተለዋወጠ፣ ዳገትና ቁልቁለት ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሕዝብ የአራቱን ድካም በገዛ ትከሻው ያውቀዋል። ነገር ግን ወንጌላዊው አንድ ነገር ልብ እንድንል ይፈልጋል፤ ጌታችን የተመለከተው የተሸካሚዎቹንም እምነት እንደ ነበረ ይነግረናል (ማር. 2፡5)። ሕሙሙ በታሪኩ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ሲናገር አንሰማውም። ሌሎች ስለ እርሱ ተናገሩ፤ የተናገሩትም በአፋቸው ሳይሆን በክንዳቸው ነበር።

ዛሬ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ቃሬዛ ብቻውን የማያደርሰው ሕሙም አለ። እርሱም ልቡ የታመመ ወጣት ነው። ከወገዳ፣ ከአርብ ገበያ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ተነሥቶ፣ በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር አልፎ፣ ቀዶ ሕክምናው እስከሚገኝበት እስከ አዲስ አበባ ለመድረስ ትከሻ አይበቃም፤ ገንዘብ ያስፈልጋል። ስለሆነም በዚህ ትምህርት ገንዘብ ማሰባሰብን ከልመና ለይተን፣ ቃሬዛን እንደ መሸከም ቆጥረን፣ እንዴት ሊፈጸም እንደሚገባው ለመመልከት እንሞክራለን። በእነዚህ ወረዳዎች እኛ ካቶሊካውያን እጅግ ጥቂቶች መሆናችን ከጉዳዩ አያወጣንም። በኢያሪኮ መንገድ ላይ ያለፈው ሳምራዊም ብቻውን ነበር፤ የቆሰለውንም ሰው ሃይማኖቱን አልጠየቀውም።

ሕመሙ ምንድን ነው?

በልጅነትና በወጣትነት ዕድሜ በአገራችን የሚታየው የልብ ሕመም በአብዛኛው ከሁለት ምንጭ ይመጣል። አንደኛው አብሮ የሚወለድ ነው። ከ1,000 ሕፃናት 8 ያህሉ በልባቸው አሠራር ላይ አንድ ዓይነት ጉድለት ይዘው እንደሚወለዱ የሕክምና ሊቃውንት ይናገራሉ። በልብ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ሊኖር፣ ወይም ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ክፍት የነበረ የደም ቧንቧ ከተወለደ በኋላ ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው ምንጭ ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል፤ ድኻ አገሮችን ይበልጥ የሚጎዳውም ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ 55 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ሕመም እንዳለባቸውና በየዓመቱ 360,000 ያህል ሰዎች በእርሱ ምክንያት እንደሚሞቱ ይገምታል። አጀማመሩ ግን ተራ ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚገኝ ልጅ ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ ጉሮሮውን ይታመማል። ባክቴሪያው በፔኒሲሊን ካልጠፋ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ በአንዳንዱ ልጅ ላይ ትኩሳት ይነሣል፤ ጉልበቱ፣ ቁርጭምጭሚቱና ክርኑ በየተራ ያብጣሉ። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመውጋት ያዘጋጀው ኃይል ተሳስቶ የገዛ ልቡን ይወጋል። ያበጠው ጉልበት ይድናል፤ እናትም ልጄ ዳነ ብላ ታመሰግናለች። ነገር ግን የልቡ በሮች፣ ሐኪሞች ቫልቭ የሚሏቸው፣ ጠባሳ ይዘው ይቀራሉ። ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥር ጠባሳው እየጠነከረ ሄዶ በሩ ወይ ይጠብባል፣ ወይ ገጥሞ መዝጋት ይሳነዋል።

ከዚያም ዓመታት ያልፋሉ። ትናንት እንስራ አዝላ ዳገቱን ትወጣ የነበረች ልጅ ግማሽ መንገድ ላይ መቀመጥ ትጀምራለች። ሌሊት ጋደም ስትል ትንፋሽዋ ይቆራረጣል፤ እግሯ ያብጣል። አንዳንዷም ልቧ መታመሙ የሚታወቀው አግብታ ስታረግዝ ነው፤ እርግዝና ለልብ ተጨማሪ ሸክም ነውና።

እዚህ ላይ በአካባቢያችን ስለተለመደ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንወድም። ልጅ ጉሮሮውን ሲታመም እንጥሉን ማስቆረጥ ወይም ቶንሲሉን በባህል አዋቂ ማስወጣት ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው፤ ይህን የሚያደርጉ ወላጆችም ልጃቸውን ስለሚወዱ ያደርጉታል። ሆኖም ምላጩ ባክቴሪያውን አያጠፋውም። ደም መፍሰስና ቁስል ማመርቀዝ ያስከትላል፤ ከዚህም ሌላ ወላጆች ልጁ የታከመ ስለሚመስላቸው ወደ ጤና ጣቢያ ሳይወስዱት ይቀራሉ። በዚያ ሰዓት የሚሰጠው የፔኒሲሊን መርፌ ከዓመታት በኋላ ደረትን ከመክፈት ሊያድን በቻለ ነበር።

ስለ ጠበልም እንዲሁ ይጠየቃል። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሕሙም ወደ እግዚአብሔር እንዲጸልይና ለሐኪሙም ስፍራ እንዲሰጥ በአንድነት ያስተምራል፤ ሐኪሙን የፈጠረ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያበቀለ እግዚአብሔር ራሱ ነውና። ይህን መጽሐፍ የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችንም እኛም በቅዱሳት መጻሕፍት ቍጥር ውስጥ እንቀበለዋለን። ስለዚህ ከጎረቤቶቻችን ጋር ስንነጋገር ጠበሉን ከመንቀፍ ይልቅ ይህን ምዕራፍ አብረን ብናነብ ይሻላል። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ የምንለው ይህንኑ ብቻ ነው።

በአገራችን የተሠራው ሥራ

የልብ ቀዶ ሕክምና በአገራችን በማይሰጥበት ዘመን እንዲህ ያለው ልጅ ከባሕር ማዶ የሚቀበለው ካላገኘ በቀር ተስፋ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1989 የሕፃናት የልብ ሐኪም የሆኑት ዶ/ር በላይ አበጋዝ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ የሚሆን ድርጅት አቋቋሙ። ከሕዝቡ በትንሽ በትንሹ ገንዘብ እየተሰበሰበ፣ ሕፃናቱም ወደ ልዩ ልዩ አገሮች እየተላኩ ይታከሙ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1995 በእስራኤል አገር፣ በሆሎን ከተማ በሚገኘው ወልፍሰን ሆስፒታል፣ ዶ/ር አሚ ኮኸን የልብ ሕሙማን ሕፃናትን በነጻ የሚያክም ድርጅት ሲመሠርቱ የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች ከኢትዮጵያ የሄዱ ልጆች ነበሩ። በአዲስ አበባም የእማሆይ ቴሬዛ እኅቶች በከፈቱት ቤት አይሁዳዊው ሐኪም ዶ/ር ሪክ ሆድስ የልብና የአከርካሪ ሕሙማንን ለብዙ ዓመታት ሲመረምሩና ወደ ውጭ አገር ለሕክምና ሲልኩ ቆይተዋል። የካቶሊክ መነኮሳይያት ቤት፣ አይሁዳዊ ሐኪም፣ ከየእምነቱ የመጣ ሕሙም፤ የሳምራዊውን ምሳሌ ለሚያስተምር ሰው ከዚህ የቀረበ ማስረጃ መፈለግ አያሻውም።

እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። ለብዙ ጊዜ የቀዶ ሕክምናውን ዋና ሥራ ያካሂዱ የነበሩት ለጥቂት ቀናት እየመጡ የሚመለሱ የውጭ አገር የሐኪሞች ቡድኖች ነበሩ፤ በኋላ ኢትዮጵያውያን ቀዶ ሐኪሞች ሠልጥነው ሥራውን በእጃቸው አደረጉት። ይሁን እንጂ ተራ የሚጠብቀው ሕሙም በሺዎች ይቈጠራል። ልብ ቆሞ በሚቀደድበት ሰዓት ደሙን ተቀብሎ የሚያዘዋውረው መሣሪያ የሚፈልጋቸው ዕቃዎች፣ ሰው ሠራሹ ቫልቭ፣ የመስፊያው ክር ሳይቀር ከውጭ በውጭ ምንዛሪ ይገዛሉ። ሐኪሙ ኖሮ ዕቃው የሚጠፋበት ጊዜ አለ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው ለታሪክ ብለን አይደለም። ገንዘብ የሚያሰባስብ ማኅበር አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ስላለ ነው፤ ገንዘቡ የሚፈለገው ለምንድን ነው? በማዕከሉ ተራ ለሚጠብቅ ልጅ የሚያስፈልገው ከሁሉ አስቀድሞ የመጓጓዣ፣ የምርመራ፣ የመድኃኒትና የማረፊያ ወጪ ሊሆን ይችላል። በግል ሆስፒታል ወይም በውጭ አገር ለሚታከም ደግሞ ገንዘቡ ብዙ እጥፍ ነው። አንዳንድ የጠበበ ቫልቭ ደረት ሳይከፈት በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ ሊሰፋ ይቻላል። ይህን የሚለየው ሐኪም ነው፤ ወሬ አይለየውም። ቤተሰቡ ሁለተኛ በሬውን ሸጦ ከተማ ከገባ በኋላ፣ ሕመሙ በመድኃኒት ብቻ የሚያዝ ነው ሲባል ይሰማል፤ ወይም ደግሞ የሳንባው የደም ግፊት ከመጠን አልፎ ቀዶ ሕክምናው ጊዜው እንዳለፈ ይነገረዋል። ይህ እጅግ መራራ ቃል ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርም ሆነ በጎንደር በሚገኙት ከፍተኛ ሆስፒታሎች የልብ አልትራሳውንድ ተነሥቶ ውጤቱ በጽሑፍ ሳይገኝ በሬ አይሸጥ፤ በዐውደ ምሕረትም ገንዘብ አይጠየቅ እንላለን።

የቅዱስ ጳውሎስ መዋጮ

ስለ ዐሥራት በየጊዜው እንሰብካለን፤ ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ለነበሩ ድኾች ስላሰባሰበው መዋጮ ግን ብዙ ጊዜ ስንናገር አንሰማም። እርሱ ግን ለዚህ ጉዳይ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው ሁለተኛ መልእክቱ ሁለት ሙሉ ምዕራፎች ሰጥቶታል (2ቆሮ. 8 እና 9)።

በመጀመሪያው መልእክቱ እያንዳንዱ ሰው በሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እንደ አቅሙ እንዲያስቀምጥ፣ እርሱ ሲመጣ ሩጫ እንዳይሆን ያዝዛል (1ቆሮ. 16፡1-4)። ስጦታውንም ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስዱትን ሰዎች ምእመናኑ ራሳቸው እንዲመርጡ ያደርጋል። በሁለተኛው መልእክቱ ደግሞ ቲቶን ብቻውን አልላከም፤ በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጠ ሌላ ወንድም አብሮት እንዲሄድ አድርጓል። ምክንያቱንም አልሸሸገም፤ ስለዚህ ብዙ ገንዘብ ማንም እንዳይነቅፈው ይጠነቀቃል፤ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን ያስባል (2ቆሮ. 8፡18-21)። ሐዋርያው ራሱ ብቻውን ገንዘብ መያዝን ካልደፈረ፣ እኛ ቆሞሳትና ካቴኪስቶች ልንደፍረው አይገባም።

ይህ ጥንቃቄ በዘመናችን የበለጠ ያስፈልጋል። በከተሞች ጎዳና የሕሙም ሥዕል በመኪና ላይ ተለጥፎ በድምፅ ማጉያ ሲለመን ያላየ የለም፤ በስልክም የባንክ ሒሳብ ቍጥር ከሚያለቅስ ሕፃን ሥዕል ጋር ይላካል። ከእነዚህ መካከል እውነተኞቹ ብዙዎች ናቸው። ሐሰተኛ የሐኪም ማስረጃ ይዘው የሚለምኑ ስለ ተገኙ ግን ሕዝቡ ተጠራጣሪ ሆነ፤ የጥርጣሬውን ዋጋ የሚከፍለውም እውነተኛው ሕሙም ነው።

እንግዲህ በአንድ ቀበሌ የ16 ዓመት ልጅ ታመመች እንበል። ሐኪሞች በቦርድ ተሰብስበው የፈረሙበት ማስረጃና የቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ተገኝቷል። የኮሚቴው አባላት ቢያንስ ሦስት ይሁኑ፤ ቢቻል ከእድሩ አንድ፣ ከትምህርት ቤቱ አንድ፣ ሴቶችም ይኑሩበት። ሁሉም የልጅቱ ዘመዶች አይሁኑ። የባንኩ ሒሳብ በሦስት ሰው ስም ተከፍቶ ያለ ጣምራ ፊርማ ገንዘብ አይውጣ። በነፋስ መውጫም ሆነ በአርብ ገበያ የገበያ ቀን የሚሰጠው ብር ብቻ አይደለም፤ ገብስ የሚሰጥ፣ ድንች የሚሰጥ፣ ዶሮ የሚሰጥ አለ። እህሉ በሕዝብ ፊት ተሰፍሮ፣ የተሸጠበት ዋጋ ተጽፎ፣ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይነበብ። ጋይንትና ስማዳ ለብዙ ዓመታት በሴፍቲኔት ሲረዱ የኖሩ ወረዳዎች መሆናቸውን አንዘነጋም። የድኻዋ መበለት ሁለት ሳንቲም በጌታችን ፊት የተቈጠረችው (ማር. 12፡41-44) በእንዲህ ያለው ሕዝብ መካከል ነበር፤ በመሆኑም የአንዲት ጣሳ ገብስ ሰጪ ስም ከባለ ብዙ ብሩ ስም ጋር እኩል ይነበብ፤ አለበለዚያ የማንም ስም አይነበብ። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን።

ልጅቱንም እንጠይቃት። የ16 ዓመት ልጅ ሰው ናት። ሥዕሏ በየግድግዳው እንዲለጠፍ፣ በሕዝብ ፊት ቆማ እንድታለቅስ የምትፈልግ ከሆነ እርሷው ትናገር። በኋላ ድና ወደ ትምህርት ቤት ስትመለስ በዚያ ሥዕል የምትጠራው እርሷ ናት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ገና ሲጀመር ሊጻፍ የሚገባው ነው፤ ገንዘቡ ቢተርፍስ? ባይበቃስ? ልጅቱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ብታርፍስ? ይህን አስቀድሞ መናገር እንደ ሟርት የሚቈጠር መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም ሳይጻፍ ቀርቶ፣ ሐዘኑ ሳይወጣ ስለ ቀረው ብር ዘመድ ከኮሚቴ፣ ኮሚቴ ከሕዝብ ሲካሰስ ከማየት አስቀድሞ መጻፉ ይሻላል። ትርፉ በማዕከሉ ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ሕሙም እንዲውል ከመጀመሪያው ቢወሰንና ለሰጪዎቹም ቢነገር፣ ለሚያዝን ቤተሰብ አንድ ሸክም ይቀርለታል።

ስለ እድሮቻችንም አንድ ቃል እናክል። እድር ከአያቶቻችን ከወረስናቸው መልካም ነገሮች አንዱ ነው፤ ድንኳኑ፣ እህሉ፣ ቀባሪው ሁሉ በሰዓቱ ይደርሳል። የምናዝነው ግን የብዙዎቹ ሣጥን የሚከፈተው ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ መሆኑ ነው። ለቀብሯ የሚወጣው ገንዘብ ከፊሉ በሕይወት ሳለች ለምርመራዋ ቢወጣ የእድሩን ሕግ ከማሻሻል በቀር የሚከለክል ነገር የለም፤ ይህን ያደረጉ እድሮችም አሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ የደቡብ ጎንደሯ ፎገራ ነበረች። መድኑ ከአገር ውጭ የሚደረግ ሕክምናን አይሸፍንም፤ በአገር ውስጥ ግን ለምርመራውና ለመደበኛው ሕክምና ስለሚረዳ፣ መዋጮ ከመጀመሩ በፊት የቤተሰቡ የአባልነት ደብተር መታደሱን ኮሚቴው ይመልከት።

ሁለቱ ዲናሮችና የቀረው ዕዳ

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በየካቲት 11 ቀን 1984 ስለ ሰው ልጅ ሥቃይ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ በስፋት አብራርተዋል። በዚያም ርኅራኄ በልብ ብቻ ሊቀር እንደማይገባውና ለተቸገረው የሚጠቅም ሥራ መሆን እንዳለበት ያስተምራሉ። በምሳሌው ውስጥ እኛን የሚያስደንቀን ግን መጨረሻው ነው። ሳምራዊው ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሁለት ዲናር ሰጠ፤ በዚህም አላበቃም፤ ከዚህ በላይ የሚወጣውን ወጪ ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ (ሉቃ. 10፡35)።

የልብ ቀዶ ሕክምናም እንዲሁ የቀረ ዕዳ አለበት። ከብረት የተሠራ ቫልቭ የተተከለለት ወጣት ደሙ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባለውን መድኃኒት ዕድሜውን ሙሉ ይወስዳል። መድኃኒቱ ካነሰ ደም በቫልቩ ላይ ይረጋል፤ ከበዛ ደም ይፈስሳል። ስለዚህ ደሙ በየጊዜው መመርመር አለበት፤ ይህም ምርመራ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። መድኃኒቱ በማኅፀን ላለ ፅንስ አደገኛ ስለሆነ፣ ለሴት ልጅ የትኛው ዓይነት ቫልቭ እንደሚሻል ሐኪሙ፣ ልጅቱና ቤተሰቧ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሊመክሩበት ይገባል። ከሥጋ የሚሠራው ቫልቭ ዋርፋሪንን ዕድሜ ልክ አያስፈልገውም፤ በወጣቶች ላይ ግን ቶሎ ስለሚያረጅ ሌላ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። እንግዲህ ኮሚቴው ከተሰበሰበው ገንዘብ ቢያንስ የሁለት ዓመት የክትትል ወጪ ለይቶ ሊያስቀምጥ ይገባል። ልጅቱ በሕዝብ እልልታ ተቀብላ ከገባች በኋላ ኮሚቴው ተበትኖ፣ በስድስተኛው ወር መድኃኒቱ ሲያልቅባት የሚጠይቃት እንዳታጣ ነው።

መንገዱም እንደ ቀድሞው አይደለም። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ የሕክምና ተቋማት ተዘርፈው ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭትም መንገድ የሚዘጋበት፣ ባንክና ስልክ የሚቋረጥበት ጊዜ ብዙ ሆኗል። ስለዚህ የቀጠሮዋ ቀን ከመድረሱ አስቀድሞ መነሣት፣ የማስረጃዎቹን ቅጂ በሁለት ቦታ ማስቀመጥ፣ የወር መድኃኒት በእጅ ላይ ማቆየትና ባሕር ዳር ላይ የሚያሳድር ቤት አስቀድሞ መፈለግ ያስፈልጋል። በዚህ በመጨረሻው የየከተማው ቍምስናዎች ሊረዱ ይችላሉ፤ ማሳደር ገንዘብ አይጠይቅምና።

መዋጮ የማያስፈልገው መርፌ

እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት፣ የአህጉሪቱ የልብ ሐኪሞች ተሰብስበው ሩማቲክ የልብ ሕመም ከአፍሪካ የሚጠፋበትን መንገድ የሚያመለክት መግለጫ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2018ም የዓለም ጤና ጉባኤ ስለዚሁ ሕመም ውሳኔ አሳለፈ። የሁለቱም ፍሬ ነገር እንግዳ አይደለም። የጉሮሮ ሕመም በጊዜው ይታከም፤ ሕመሙ አንድ ጊዜ የያዘው ልጅ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን እየተወጋ፣ ሐኪሙ በቃህ እስከሚለው ድረስ ለዓመታት ይቀጥል። መርፌው ያማል፤ ጤና ጣቢያው ይርቃል፤ ልጁም ደኅና ስለሚመስል ማቋረጥ ይቀናል። ልቡ የሚበላሸው በዚህ በማቋረጡ ጊዜ ነው።

በየቍምስናውና በየጸሎት ቤቱ ያሉ ካቴኪስቶች እንደዚህ ያሉ ልጆችን ስም በአንድ ደብተር ይዘው፣ የመርፌአቸው ቀን ሲደርስ ወላጆቻቸውን ቢያስታውሱ፣ ለዚህ ኮሚቴም ሆነ የባንክ ሒሳብ አያስፈልግም። የደብተሩም መጀመሪያ ሩቅ አይደለም። ባክቴሪያው በአንድ ጠባብ ቤት አብረው ከሚተኙ ልጆች ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ስለዚህ ኮሚቴው ለታላቂቱ ልብ ገንዘብ ሊያሰባስብ ወደዚያ ቤት በገባበት ቀን፣ ታናናሾቿን ጉሮሮአቸውንና ልባቸውን ሊያስመረምር ወደ ጤና ጣቢያ ይዟቸው ይሂድ።